ዝናብ መጥረጊያው ቦታው ላይ አይተኛም፤ ሞተር ልግዛ ወይ?

የሐረጎ ተመላላሽ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ1998 ሞዴል ኮሮላ ነው የምነዳው። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ነው። በሁለቱ መሐል ያለውን የሐረጎን ተራራ መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ላይ ጉም፣ መሐል ላይ ካፊያ፣ ታች ስትደርስ ደግሞ ፀሐይ። ዝናብ መጥረጊያውን ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው።

የፊት መስታወቱን ጠጠር መታብኝና አስቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ በኔ በኩል ያለው ክንድ ሳጠፋው ታች አይወርድም። አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ልክ ዓይኔ ፊት ይቆማል። የተሳፋሪው ግን ቦታው ላይ ጥሩ አድርጎ ይተኛል። ይሄ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አንዳንዴ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ሁለቱም መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ ይላሉ። ማብሪያውን ደጋግሜ ካልነካካሁት አይወርዱም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ሞተሩ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አሉኝ። የጠሩትን ዋጋ አልጽፈውም፣ ጾመኛ ያለበት ቤት ነው። ግን ሞተሩ ወላሂ ሲጠርግ ጎበዝ ነው። ቀርፋፋውም ፈጣኑም ይሠራል። የሚያውቅ ካለ ይምራኝ።

ሰኞ ገበያ

ፊውዝ ቀይር። ርካሽ ነው፣ ሞክረው።

የድሮ ኤሌክትሪሺያን (ኮምቦልቻ)

ፊውዝን ተዉት። ፊውዝ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ጭራሹንም አይነቃነቅም ነበር።

ወንድሜ አብሽር፣ ሞተር አትግዛ። አንተ አንድ ችግር አድርገህ የጻፍከው ሁለት ነው። የማይገናኙ ሁለት።

እዚህ አገር ዝናብ መጥረጊያ ሲበላሽ ሁሉም ሰው ቀድሞ ሞተሩን ነው የሚያማው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚቆም ነው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው ወይስ ባሰኘው? አንዱ ክንድ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም? ይሄን የነገረኝ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል።

የአንተን እንየው። ሞተሩ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ክንድ በዘንግ የሚጎትተው እሱ ነው። ሞተሩ ቢሳሳት ሁለቱም ነበር አብረው የሚሳሳቱት። አንዱ ልክ ተኝቶ ሌላው ስንዝር ከፍ ካለ ጥፋቱ ያ ክንድ ላይ ነው። መስታወት ሲቀየር ደግሞ ክንዶቹ መፈታታቸው አይቀርም። ክንዱ የሚቀመጥባት ዘንግ ዙሪያዋን ጥቃቅን ጥርስ አላት። ሲመልሱት ጥቂት ጥርስ አሳልፈው አስረውታል፣ በቃ። ለማረጋገጥ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ክንዱ ወደ ላይ ሲደርስ የመስታወቱን ጎን አይመታም? የሚጠርገው ስፋት በዘንጎቹ ልክ የተወሰነ ነው። ታች ከፍ ካለ ላይም ያንኑ ያህል ያልፋል።

አስተካከሉ ቀላል ነው። መስታወቱን ውሃ አርከፍክፍበትና መጥረጊያውን አስነሳው። ከዚያ በማብሪያው አጥፋው። በመኪናው ቁልፍ እንዳታጠፋው! ቁልፉን ከነቀልከው ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና የደረሰበት ቦታ ይቆማል። በማብሪያው ሲጠፋ ግን ሞተሩ ራሱ ማረፊያው ድረስ ሄዶ ይቆማል። የተሳፋሪው ክንድ ታች መተኛቱን ካየህ በኋላ ቁልፉን አጥፋ፣ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ንቀል። እጅህ እዚያ ውስጥ እያለ ሞተሩ ቢነሳ ጣት ይቆርጣል።

የላስቲኳን ክዳን በካቻቪቴ አንሳ። ሥሯ ዳዶ አለች፤ ብዙው ቶዮታ ላይ በ14 ቁልፍ ትፈታለች። ዳዶዋን ሙሉ በሙሉ አታውጣት፣ ጫፍ ላይ ተዋት። ክንዱን ወደ ላይ ገልብጠህ ግራ ቀኝ እያወዛወዝክ ሳበው። ከደረቀ ናፍታ ጠብ አድርግበትና ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ። በመዶሻ የመታ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ሰብሮ ከኔ ዘንድ የመጣው በላዳ ተጭኖ ነው።

ከወጣ በኋላ የክንዱን ጥርስ እየው። የክንዱ ብረት ከዘንጓ ይለሰልሳል፣ ዳዶው ላልቶ ከተነዳ ጥርሱ ይላጫል። ተልጦ ከሆነ ስታጠብቀው ይይዝና ከባድ ዝናብ ወይም ጭቃ ሲመጣበት ይንሸራተታል። ያኔ ክንዱን መቀየር ነው። ጥርሱ ደህና ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ ከተሳፋሪው ጋር አመሳስለህ አስቀምጠውና እሰረው።

ሁለተኛው፣ ጠዋት ጠዋት መሐል ላይ የሚቆሙት፣ ሌላ ታሪክ ነው። የመጀመሪያውን ጨርስና እንመለስበታለን።

እናት መንገድ (ወልድያ)

ጋሼ፣ እርስዎን ስላገኘሁ እኔም ልጠይቅ። ቪትዝ አለኝ፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ። መጥረጊያዋ አይበላሽም፣ ግን በኔ በኩል ላይኛው ጥግ ጨርሶ አይጠረግም። የውርጌሳን መንገድ በዝናብ ስነዳ በዚያ ጥግ በኩል የሚመጣውን ሰው አላየውም። ክንዱን ትንሽ ከፍ አድርጌ ባሳስረው ይደርስ ይሆን?

የድሮ ኤሌክትሪሺያን (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ እንዳታደርጊው። መሪውን ሲያዞሩልሽ መጥረጊያውን አላዞሩትም። ሲሠራ በቀኝ ለሚቀመጥ ሾፌር ስለሆነ የቀኙን ጥግ ነው ጥንቅቅ አድርጎ የሚጠርገው። ያንቺ በግራ ቀረ። ክንዱን ከፍ ብታደርጊው ስፋቱ አይጨምርም፣ ቦታው ብቻ ነው የሚዛወረው፤ በወዲያ በኩል ብረት ይመታል፣ በወዲህ ደግሞ አይተኛም።

በአንቺ በኩል ያለውን የመጥረጊያ ጎማ በትንሹ ረዘም ባለ መተካት ይቻላል። ግን መጀመሪያ በእርጥብ መስታወት ላይ በዝግታ ሞክሪው፣ ከሌላው ጎማ ጋር እንዳይጋጭ። ጥጉን ሙሉ በሙሉ አያጸዳውም፣ ያጠብበዋል እንጂ። ዘንጎቹን ጭምር ለማዞር ብዙ ጊዜ ብረት መቁረጥ ይጠይቃል፣ ያንን ደግሞ እኔ አልመክርም።

የሐረጎ ተመላላሽ (ደሴ)

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። ላይ ሲደርስ «ቷ» የሚል ድምፅ ነበረው፣ እኔ የመስታወቱ ጎማ መስሎኝ ነበር። ክንዱን እንዳሉኝ ፈታሁት፣ ጥርሱ ደህና ነው። አሁን ሁለቱም እኩል ይተኛሉ፣ «ቷ»ውም ጠፋ።

መሐል ላይ መቆሙ ግን አለ። ዛሬ ጠዋትም አደረገው። የማጠፋው በማብሪያው ነው፣ ቁልፉን አልነካም። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ነው።

የድሮ ኤሌክትሪሺያን (ኮምቦልቻ)

ጥሩ። እንግዲህ ሞተሩ ውስጥ ማረፊያውን የሚያውቅ ነገር አለ። ከውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ ላይ ክብ መዳብ ተለጥፏል፣ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ትናንሽ የብረት ምላሶች እየታከኩበት ይሄዳሉ። ማብሪያውን ስታጠፋ ሞተሩ በነዚህ ምላሶች በኩል ኤሌክትሪክ እያገኘ መዞሩን ይቀጥላል። የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ይቋረጥና ይቆማል። ምላሶቹ ከቆሸሹ ኤሌክትሪኩ ባልታሰበ ቦታ ይቋረጣል፣ መጥረጊያው መስታወትህ መሐል ላይ ይቀራል። ስታበራው ግን በሌላ መስመር ስለሚያገኝ አንበሳ ነው። ሞተሩ ደህና ሆኖ የማይተኛው ለዚህ ነው።

ጠዋት ጠዋት መሆኑ ደግሞ ይመስላል። የደሴ ብርድና የሐረጎ ጉም ውስጡ እርጥበት ያስገባሉ፤ አሮጌ ግራሶ ደግሞ ሲበርድ እንደ ሙጫ ነው።

መጀመሪያ ግን ማሳውን እይ። ሞተሩ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቡሎን ፍታው፣ ዝገቱን አጽዳና መልሰህ አጥብቀው። አንዳንዱ በዚሁ ይድናል።

ካልዳነ ሞተሩን ማውጣት ነው። ክንዶቹንና ከመስታወቱ ሥር ያለውን የላስቲክ ሽፋን ታነሳለህ፣ ሶኬቱን ትነቅላለህ፣ ቡሎኖቹ በ10 ይፈታሉ። ሞተሩን ከዘንጎቹ ጋር የምታገናኝ አጭር ብረት አለች። እሷን ከመፍታትህ በፊት አቀማመጧን በምስማር ጫር አድርገህ ምልክት አድርግባት። ሳታመለክት ፈትተህ በሌላ አቅጣጫ ብታስርበት ሁለቱም ክንድ ጠማማ ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ ክንድ ስትፈታና ስታስር ትውላለህ።

የሞተሩን ክዳን ክፈት። ምላሶቹ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ናቸው፣ ስትከፍት ቀስ በል፣ እንዳይጣመሙ። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ታገኘዋለህ። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጥረገው፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርገው። አትፋቀው፣ ስስ ነው። ምላሶቹን በጥቂቱ ወደ መዳቡ ጎንበስ አድርጋቸው። ጥርሱ ላይ አዲስ ግራሶ ቀባ፣ መዳቡ ላይ ግን አታብዛው።

ሰኞ ገበያ

እኔ ፊውዝ ያልኩት ለሁሉም ይሆናል ብዬ ነበር። ጋሼ፣ የኔ ሃይሩፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሳጠፋውም አይቆምም፣ ይጠርጋል ይጠርጋል።

የድሮ ኤሌክትሪሺያን (ኮምቦልቻ)

ያ የዚሁ ዘመድ ነው። ወይ ምላሱ ተጣሞ የተቆረጠውን ቦታ አያገኘውም፣ ወይ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) ወይም ማብሪያው ተጣብቋል። መሪው ሥር ያለውን የማብሪያውን ሶኬት ንቀልና እየው። ከቆመ መጀመሪያ ማብሪያውን ጠርጥር፣ ምላሱንም ግን እይ። አሁንም ከጠረገ ወደ ሞተሩና ወደ ሪሌው ሂድ።

የሐረጎ ተመላላሽ (ደሴ)

ማሳው ዝጎ ነበር፣ አጸዳሁት። ትንሽ ተሻለው፣ አልዳነም። ከዚያ ሞተሩን አውጥቼ ከፈትኩት። መዳቡ ጠቁሯል፣ አንደኛው ምላስ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ይዟል። እንዳሉኝ አጽድቼ ገጠምኩት። ዛሬ ማለዳ ከአዝዋ ገደል ጀምሮ ጉም ነበር፤ ሐረጎን እስክወርድ ባጠፋሁት ቁጥር ታች ወርዶ ተኛ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ከክንዷ ዳዶ ሥር የነበረች ቀጭን ሮንዴላ ተርፋኝ እጄ ላይ ናት። የግድ ናት ወይ?

የድሮ ኤሌክትሪሺያን (ኮምቦልቻ)

የግድ ናት። ዳዶዋ እንዳይላላ የምትይዘው እሷ ናት። ነገ ሳይሆን አሁን መልሳት።