«ሃይ» ማለቱን ችያለሁ፣ መሰናበት ግን አቃተኝ

እንግሊዝኛ በራሴ መማር ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ። በሳምንት 2 ቀን ከአንድ የውጭ አገር ሰው ጋር በቪዲዮ እለማመዳለሁ። ሰላምታው ብዙም አልከበደኝም። «ሃው አር ዩ» ስባል የጤናዬን ዝርዝር መተረክ ትቼ «ጉድ፣ ታንክስ፣ ኤንድ ዩ?» ማለት ለምጃለሁ። «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ለመጀመሪያ ትውውቅ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ «ናይስ ቱ ሲ ዩ» እንደሚባልም ገብቶኛል።

ጉዱ ስንብቱ ላይ ነው። አንድ ቀን ማታ ላይ «ጉድ ናይት» ብዬ ገባሁ። ሰውየው ሳቀ። ለካ እሱ መሰናበቻ ነው፤ ማለት የነበረብኝ «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው። ባለፈው ደግሞ መውጫው ጠፍቶብኝ ወሬው መሃል «ባይ» ብዬ ዘጋሁት። በኋላ «ተቀየምክ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። በአማርኛ ቢሆን «በል እንግዲህ» ብዬ ቀስ እያልኩ እወጣ ነበር። ይህንኑ በትርጉም መተግበሪያ ሞከርኩ፤ ቃል በቃል የሰጠኝ ነገር ምንም አይረባም። «ጉድባይ» ደግሞ ዳግም የማንገናኝ ያህል ከበደኝ።

ታዲያ «ባይ» ከማለቴ በፊት ወሬው እያለቀ መሆኑን በትህትና የሚጠቁም፣ የ«በል እንግዲህ»ን ቦታ የሚይዝ የእንግሊዝኛ አባባል የቱ ነው?