ደምቢያ ሜዳ ላይ ያየኋት ወፍ ምንድን ናት? ፎቶዬ ብዥ ብሎብኛል

የፋሲል ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ስንወርድ ቆላ ድባን አለፍ ብለን ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ከመንገዱ ማዶ ጤፉ ታጭዶ የተነሳ ማሳ አለ። ከብት ገብቶበታል። በከብቶቹ እግር ሥር እነዚያ ጩኸታም ጥቁርና ነጭ ወፎች ነበሩ። እነሱን ጣና ዳር ሁሌም አያቸዋለሁ። ሁለቱ ግን የእነሱ ወገን አልመሰሉኝም።

መጠናቸው ርግብ ያህላል፤ እግራቸው ግን ረዘም ይላል። መልካቸው አመድማ ቡናማ ነው። ዓይኔን የሳበው ቅንድባቸው ነው። ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ከዓይን በላይ ተነስቶ ወደ ማጅራት የሚሄድ። ትንሽ ይሮጣሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ድምፅ አላሰሙም።

በስልኬ አነሳሁ። ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት «ድንጋይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ እሱን ተዉት።

ቅዳሜ ተመልሼ ልሄድ አስቤያለሁ። ምን ልይ? ብርቅ ወፍ ከሆነችስ ለማን ነው የሚነገረው?

አንገረብ ዳር

ወንድሜ፣ ያው ባለ እሾኽ ክንፉ ላፕዊንግ ነው፣ ያ ጩኸታሙ ጥቁርና ነጭ የሜዳ ወፍ። እዚህ አንገረብ ግድብ ዳር ጠዋት ጠዋት ሞልቷል። ጫጩቶቹ መልካቸው ደብዘዝ ስለሚል ሰው ያሳስታሉ። እኔም አንዴ ተሸውጄ ለጓደኞቼ ሁሉ ደውያለሁ፣ እስካሁን ይስቁብኛል።

የሳይንስ መምህሯ

አንገረብ ዳር፣ እኔ አልስማማም። ባለ እሾኹ ቅንድብ የለውም። አናቱ ጥቁር ቆብ ነው፣ ጉንጩ ንጹሕ ነጭ፣ ደረቱ ጥቁር። ጫጩቱም ቢሆን ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። ደግሞ ዝም ብሎ ከብት ሥር አይውልም፤ ሰው ካየ አገር ያናውጣል።

የፋሲል ልጅ፣ ሦስት ነገር ንገረን። እግሯ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ዓይኗ ፊት ቢጫ ሥጋ ተንጠልጥሏል? ስትበር ጅራቷን አይተሃል?

የፋሲል ልጅ

እግሯ ጥቁር ነው፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ቢጫ ነገር ፊቷ ላይ አላየሁም። ስትበር አላየኋትም፤ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ «ሻይ ነው ወይስ ድግስ!» ሲል ተነሳን።

የድሮ አስጎብኚ

ልጄ፣ የሰጠኸው መልስ ብዙውን ይጥልልናል። እግሯ ጥቁር ከሆነ ባለ ቢጫ እግሮቹ ሁሉ ወጡ። ባለ ጉትቻው ላፕዊንግ ወጣ። የእኛዋ ደረተ ነጠብጣብም ወጣች። እሷ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማትገኝ የደጋ ወፍ ናት፣ እግሯም ቢጫ ነው። ደምቢያ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እሷ ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ትወዳለች። ባለ ዘውዱ ላፕዊንግ ደግሞ እግሩ ቀይ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ነጭም ዙሪያውን የሚከብ ቀለበት እንጂ ቅንድብ አይደለም።

የቀረችው አንዲት ናት፤ ስሟን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሶሺየብል ላፕዊንግ። በሳይንስ ስሟ ቫኔለስ ግሬጋሪየስ። የምትራባው በካዛክስታንና በደቡብ ሩሲያ የሣር ሜዳ ነው። ያ አገር በረዶ ሲሆን ከፊሏ ወደ ሕንድ፣ ከፊሏ በቱርክና በሶርያ አድርጋ ወደ ሱዳን ትወርዳለች። ሱዳን ማለት ከእኛ መተማን ተሻግሮ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በጀርባዋ የሳተላይት ማሠራጫ የተደረገላት አንዷ ሱዳን ድረስ ስትሄድ ተከታትለዋታል። በዚያው ዓመት ቱርክ ውስጥ ከ3,000 በላይ በአንድ አካባቢ ተቆጥረዋል። ይህ ሲባል ብዙ እንዳይመስልህ። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ውስጥ ናት። በጉዞዋ ላይ የሚያድኗት ሰዎች ዋና ጠላቶቿ ናቸው።

ግን ገና ናት አላልኩም። የብርዱን ወራት ከአገሯ ርቃ ስታሳልፍ የሆዷ ጥቁር ቀለም ይጠፋል፣ የአናቷም ጥቁረት ይደበዝዛል። ቅንድቡ ብቻ ይቀራል። ከኋላ ስታያት ሁለቱ ቅንድቦች ማጅራቷ ላይ ተገናኝተው እንደ ቪ (V) ፊደል ይሆናሉ። መፍረጃው ግን በረራዋ ነው። የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ ወደ ገላዋ ያለው የክንፏ የኋላ ክፍል ደማቅ ነጭ፣ ጅራቷ ነጭ ሆኖ ጫፉ አጠገብ ጥቁር መቀነት አለው። ባለ እሾኹ ሲበር የክንፉ የኋላ ጠርዝ ጥቁር ነው። ይህን ካየህ ክርክር የለም።

ቆላ ድባ

እኔ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነኝ። ወፏን በስም አላውቃትም፤ አባቴ ግን «ከብት የምትከተለዋ» ይላል፣ ስንቱን ወፍ እንደዚያ እንደሚል እግዜር ይወቅ። አንድ ነገር ልምከርህ፤ ማሳውን አትፈልግ፣ ከብቱን ፈልግ። ጤፍ ከተነሳ በኋላ ከብቱ አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። ቅዳሜ እዚያው ማሳ ላይ ብትቆም አፈር ታያለህ።

ሌላው፣ የሩቅ ማያ መነጽር አንግበህ ሜዳ ላይ ብቻህን አትንጎራደድ። ዘመኑን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ቀበሌ ግባ፣ ሚሊሻዎቹን ሰላም በል፣ ለምን እንደመጣህ ንገራቸው። መታወቂያህን ያዝ። እረኛ ልጅ አብሮህ ከሄደ ደግሞ ማንም አይጠይቅህም። ሽምብራና ጓያ የተዘራበት ላይ አትርገጥ፣ ቡቃያ ነው።

የሳይንስ መምህሯ

ቆላ ድባ ያለው ልክ ነው፤ ከወፏ ጠባይ ጋርም ይሄዳል። በመራቢያ አገሯም ከብትና በግ ግጦ ያሳጠረውን ሣር ነው የምትመርጠው። አንበጣና ጥንዚዛ ትለቅማለች፤ ከብት ሲራመድ ደግሞ ነፍሳት ይነሳሉ።

ስለ ፎቶው፦ ፎቶ አታንሳ፣ ቪዲዮ ቅረጽ። የስልክህን ካሜራ በመነጽሩ ማያ ላይ ልክ አድርገህ ለጥፍ፣ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፍ። ዙም አትንካ። በኋላ ከቪዲዮው ጥሩውን ምስል ታወጣለህ። ባለ እሾኹ አጠገቧ ከገባ በጣም ጥሩ፣ መጠኗን ለማነጻጸር ይጠቅማል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሥራህን ጨርስ። ከ4 ሰዓት በኋላ ሜዳው በሙቀት ይርገበገባል፣ ከዚያ ሁሉም ወፍ ድንጋይ ነው፣ እናትህ ትክክል ናቸው።

አንገረብ ዳር

እሺ፣ ባለ እሾኹ ነው ያልኩትን ትቻለሁ። ግን ቦታውን ለምን በሎኬሽን አትልክልንም? ሰባት ስምንት ሆነን በሚኒባስ ብንወርድ አይሻልም? ወጪውንም እንካፈላለን።

የድሮ አስጎብኚ

አይሻልም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን ይህን ጥፋት ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንድ ጊዜ የወፍ ማደሪያ ለእንግዶች አሳየሁ፣ በሳምንቱ ሃያ ሰው ቆሞበት አገኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት ወፍ የለም። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ያያል፣ አንዱ ይቀርጻል።

ለማን ይነገራል ላልከው፣ ኢበርድ ላይ መዝግብ፤ ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚያስገቡበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ዝርዝሩን ከሰው እይታ መደበቅ ይቻላል፣ እሱን ተጠቀም። ለኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ጻፍላቸው። በየዓመቱ በጥር መጀመሪያ አካባቢ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ። እንዲህ ያለ ወሬ ቀድሞ ከደረሳቸው ቆጣሪዎቹ የት ማየት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ከጥምቀት ጋር ስለሚቀራረብ ግን ጎንደር ላይ አልጋ የሚያገኙ አይመስለኝም፣ ያ የእነሱ ጣጣ ነው።

የፋሲል ልጅ

ቃል በገባሁት መሠረት ቅዳሜ ሄድኩ። ከአንገረብ ዳር ጋር ነው የወረድነው፣ ሁለት ብቻ። ጋሼ፣ እንዳሉት ነው ያደረግነው።

ማሳው ባዶ ነበር። ቀበሌ ገብተን አንድ የአሥር ዓመት እረኛ ተሰጠን፣ ስለ ወፎቹ ከሁለታችን በላይ ያውቃል። ከብቶቹ ወደ ጣና በኩል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደዋል። ባለ እሾኾቹ ገና ከሩቅ ጮኹብን። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲቷን አገኘናት። ሁለተኛዋን አላየናትም።

ማጅራቷ ላይ ቪው አለ። አንድ በሬ ወደ እሷ ሲመጣ ተነሳች። ክንፏ ከኋላ ነጭ ነው፣ ጅራቷ ነጭ ሆኖ ጥቁር መቀነት አለው። አንገረብ ዳር እጄን ይዛ ጨመቀችኝ፣ አንድም ቃል አልተናገርንም። እረኛው ብቻ «ምን ሆናችሁ?» አለን።

ቪዲዮው 11 ሰከንድ ነው። ስድስቱ ሰከንድ የእኔ ጣት ነው። በቀሩት አምስቱ ጅራቷ ይታያል። ኢበርድ ላይ አስገብቼ ደብቄዋለሁ፣ የሚገመግመውን ሰው እየጠበቅኩ ነው። እናቴ ቪዲዮውን አየችና «አሁን ድንጋዩ ይበራል» አለች።