ክላሲካል የምታጫውቱ የሬዲዮ ሰዎች፣ እስኪ ድረሱልኝ

ቅዳሜ ማታ በኤፍኤም የአንድ ሰዓት የክላሲካል ሙዚቃ ፕሮግራም አቀርባለሁ። ባለፈው ሳምንት የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የራቬልን ቦሌሮ የተባለ የኦርኬስትራ ሥራ ከፈትኩ። ሲጀምር ትንሿ ከበሮ በሹክሹክታ ነው የምትመታው፤ ፍሉቱም ቀስ ብሎ ይገባል። ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ ሳለ ድንገት የሳሙና ማስታወቂያ! ለካ የጣቢያው ማሽን ድምፁ ሲያንስበት ሥርጭት የተቋረጠ መስሎት መጠባበቂያውን ለቆታል። አፈር ብሆን በወደድኩ።

መጀመሪያውን ጮክ ባደርገውስ? ሥራው ሩብ ሰዓት ያህል እያደገ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ የታክሲ ተሳፋሪን ጆሮ ይበጥሳል። በኮምፕረሰር (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ በሚያቀራርበው መሣሪያ) ብጨቁነው ደግሞ ለስላሳውም ኃይለኛውም እኩል ይሆንና ነፍሱ ይወጣል። ቴክኒሻናችን "ዘፈን ብታጫውት ምን አለበት?" ይለኛል። እሱን ተዉት።

የእማሆይ ጽጌማርያምን ፒያኖ ሳጫውት እንዲህ ገጥሞኝ አያውቅም። ኦርኬስትራ ላይ ነው የሚብሰው።

እናንተ የዝምታ መቆጣጠሪያውን ስንት ሰከንድ ላይ ታደርጉታላችሁ? ወይስ ለጊዜው ታጠፉታላችሁ? በሲምፎኒ ክፍሎች መካከል ያለውን ዝምታስ? እያወራሁ ልሙላው ብል ሙዚቃውን የምገድለው ይመስለኛል። ለፊታችን ቅዳሜ የቼኩን አቀናባሪ ድቮርዣክን እንደማጫውት አስተዋውቄያለሁ፣ በዚያ ላይ ስሙን በትክክል መጥራትም ገና እየተለማመድኩ ነው።