«ይቀበራል፣ አለቀ» ላለው ሰው

የሂርማታ ልጅ፦ ከሩሲያ ጋር ስለተፈረመው የኑክሌር ስምምነት ትናንት ስናወራ አንዱ «የኑክሌር ቆሻሻው ይቀበራል፣ አለቀ» ብሎ ዘጋው። በጣም ነው ያናደደኝ። ጅማ ለቤት ቆሻሻ እንኳን መላ አጥታ አዌቱ ወንዝ ምን እንደሆነ እያያችሁ ነው። መቶ ሺህ ዓመት አደገኛ ሆኖ የሚቆየውን ማን ሊጠብቀው ነው?

ቡና ነጋዴው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ፊንላንዶች ኦንካሎ በሚሉት መቅበሪያ ከ400 ሜትር በላይ ዓለት ቆፍረው ወርደዋል። ያገለገለው የኑክሌር ነዳጅ በመዳብ ይታሸጋል፣ ዙሪያው በቤንቶናይት ሸክላ ይደፈናል። ከአዌቱ ጋር ምን አገናኘው?

የቦሳዋ፦ ወንድሜ፣ ጀርመኖችም ቀብረው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 አሰ በሚባል አሮጌ የጨው ማዕድን ውስጥ ወደ 126 ሺህ በርሜል ከተቱ። አሁን ውሃ እየገባበት ነው። መልሶ ማውጣት አለብን ብለው በሕግ ወስነዋል። ይሄ ነው ያለቀው?

ቡና ነጋዴው፦ አሮጌ ማዕድን መሆኑን አንቺው ተናገርሽ። ለዚህ ተብሎ አልተቆፈረም። የገባውም ዝቅተኛና መካከለኛ ጨረር ያለው ነው። አታደባልቂ።

የቦሳዋ፦ ዝቅተኛው እንዲህ ካስቸገረ ከፍተኛውስ?

ላብራቶሪው፦ መቅበሩ ላይ ተጣበቃችሁ እንጂ ከዚያ በፊት ያለው ይብሳል። ከሬአክተር (ከኑክሌር ማብላያው) የወጣ ነዳጅ ለዓመታት ውሃ ገንዳ ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። ለገንዳው የማይቋረጥ መብራትና ፓምፕ ያስፈልጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ለመቅበሪያ ዩካ ተራራን መረጠች፤ እስከዛሬ አልተቀበረበትም። ነዳጁ በየኃይል ማመንጫ ጣቢያው ተቀምጧል።

ከኮጪ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ትንሿ የጨረር ቆሻሻ ናት። በዚያው 1987 ብራዚል ጎያኒያ ውስጥ ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የጨረር ማሽን ወስደው ለቆራሌ ሸጡት። ውስጡ የነበረው ጨረር አመንጪ ሲዚየም ሰፈር ለሰፈር ተበተነ፣ 4 ሰው ሞተ። እዚህ ጅማ መርካቶ ብረት ለሚፈታው ልጅ የጨረር ምልክት ማን አሳየው?

ቡና ነጋዴው፦ እሱ የሆስፒታል ጉዳይ ነው፣ ሌላ ርዕስ ክፈት።

ከኮጪ፦ ቆሻሻ ቆሻሻ ነው! የሚያስቀምጠውም ያው የእኛው መሥሪያ ቤት ነው።

የሂርማታ ልጅ፦ አንተ ደግሞ በቡና የምትኖር ሰው ነህ። ገዢ አንድ የጨረር ወሬ ከሰማ ማን ይገዛሃል?

ቡና ነጋዴው፦ ጅማ ይቀበር ያለ ማን አለ? ሰው የሌለበት ቦታ ሞልቷል።

የሂርማታ ልጅ፦ የት? አፋር? በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰው አይደለም?

ቡና ነጋዴው፦ አፋር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። የት ጋ እንዳልኩ ጥቀስልኝ።

የቦሳዋ፦ እሱን ተወውና «አለቀ» ያልከውን መልስልኝ።