አያቴ፣ አጎቴ፣ አሁን ደግሞ አባቴ፦ ስትሮክ በዘር ነው የሚመጣው?

የመሐል ሜዳው፦
ሰላም ናችሁ? የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ መልሱልኝ። አባቴ 58 ዓመቱ ነው፣ የመንዝ ገበሬ ነው። ባለፈው ኅዳር አውድማ ላይ ገብስ እያበራየ ሳለ መንሹ ከእጁ ወደቀ። አፉ ወደ ግራ ተጣመመ፣ ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት፣ ሊናገር ሲሞክር ቃሉ ተያያዘበት። ጎረቤት ተሰብስቦ «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው፣ አልቦት ያድራል ብለን አስተኛነው፣ መኪና ተገኝቶ ደብረ ብርሃን የደረስነው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ሲቲ ስካን ተነሳ፣ የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቷል ተባለ። ሐኪሙ «ትናንት መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ» አለና ዝም አለ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አያቴም የሞተው እንዲሁ ሆኖ ነው። አጎቴም በ51 ዓመቱ። ሰፈሩ «የእነሱ ዘር በዚህ ነው የሚያልቀው» ይላል። እኔ 34 ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። እውነት በዘር ነው? ጂኑ በደም ምርመራ ይታወቃል? የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ የሚባለውስ? አንዱ ደግሞ ደጋ ስለምትኖሩ ደማችሁ ወፍሮ ነው ብሎኛል።

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ለአባባ ምሕረቱን ይላክላቸው። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፣ እንደናንተ በማግስቱ የሚደርስ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ፣ ሁሌም ያመኛል።

መርፌው እውነት ነው። አልቴፕሌዝ ይባላል፣ አሜሪካ ለስትሮክ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያኔ የሚሰጠው ስትሮኩ ከጀመረ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ብቻ ነበር፣ በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ወደ 4 ሰዓት ተኩል አደረሰው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው፣ ስለዚህ መቼ እንደጀመረው አስታውሳችሁ ኑ። ትልቅ ደም ሥር ሲዘጋ ደግሞ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የረጋውን ደም ስበው ያወጡታል፣ ይህ ለአንዳንድ ሕመምተኞች እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቅም በ2018 ታይቷል። እኛ አገር ሁለቱም በየሆስፒታሉ አይገኙም፣ ይህን ሳልነግርህ አላልፍም።

ግን ቶሎ መድረስ ለመርፌው ብቻ አይደለም። ስትሮክ ሁለት ነው፤ የአንጎል ደም ሥር የተዘጋበት አለ፣ ፈንድቶ ደም የፈሰሰበት አለ። ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው። ለፈሰሰው ሰው ያ መርፌ ገዳይ ነው፣ ቤት ውስጥ አስፕሪንም አትስጡ የምንለው ለዚሁ ነው። ለፈሰሰው ደግሞ በ2023 የወጣ፣ 7,000 ያህል ሕመምተኞች የገቡበት ጥናት አለ፤ የደም ግፊቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማውረድ፣ ስኳሩንና ትኩሳቱን መቆጣጠር፣ ደም ማቅጠኛ ይወስድ ከነበረ ማርከሻ መስጠት፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲደረጉ ሞትም ጉዳትም ይቀንሳል። አብዛኛው ብርቅ መድኃኒት አይፈልግም። ሰውየው በሰዓቱ እፊታችን መገኘት አለበት።

ስለ ዳማከሴው አልወቅሳችሁም፣ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ግን እንዲህ የሆነ ሰው መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፣ የሰጣችሁት ወደ ሳንባ ይገባል። ውኃም ቢሆን አትስጡ። ፈገግ በል በሉት፣ ሁለት እጁን አንሳ በሉት፣ አንድ ነገር አናግሩት። አንዱ ከተበላሸ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

የላብራቶሪው፦
የዘሩን ነገር እኔ ልመልስ፣ የምማረው ዘረመል ነው። በአንድ ጂን ብቻ የሚመጣ ስትሮክ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ካዳሲል የሚባለው ኖች3 በሚባል ጂን ላይ ባለ ስህተት ይመጣል፣ ጂኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ብዙዎቹ ስትሮኩ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ከባድ ማይግሬን ያማቸዋል፣ ስትሮኩም ግፊት ሳይኖርባቸው በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ሊመጣ ይችላል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ራስ ምታት ካለ ለነርቭ ሐኪም ንገሩ፣ ለዚህ ዓይነቱ የደም ምርመራ አለው።

አብዛኛው ስትሮክ ግን እንዲህ አይደለም። በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ስትሮክ የያዛቸውን 110,182 ሰዎች ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ በዘረመላቸው 89 ቦታ ላይ ልዩነት አገኘ። 89! እያንዳንዱ የሚጨምረው አደጋ ትንሽዬ ነው፣ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ በደም ግፊት በኩል የሚሠሩ አሉ። ምናልባት ከአያትህ የወረደው ግፊቱ ይሆናል፣ ወይም አንድ ማዕድ ላይ የተበላው ጨው። በናይጄሪያና በጋና ከ2,000 በላይ የስትሮክ ሕመምተኞች የተጠኑበት በ2018 የወጣ ሥራም ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው የደም ግፊትን ነው፤ ማዕድ ላይ ጨው መጨመርና ጎመን የመሰለ ቅጠል አለመብላትም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ታዲያ የጂን ጥናት ምን ይረባል እንዳትል። የዳላስ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡትን ልንገርህ። ከመቶ ጥቁር አሜሪካውያን ሁለት ሦስቱ ላይ አንድ የማይሠራ ጂን አገኙ፣ እነዚያ ሰዎች መጥፎ ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ፣ የልብ ደም ሥር ሕመማቸውም በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። ያ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን የሚያግዱ መርፌዎች በ2015 ተፈቀዱ፣ በ2017 ደግሞ ስትሮክንም እንደሚቀንሱ ታየ። ያ ልዩነት በጥቁሮች ላይ ነው በብዛት ያለው፤ ጥናቱ ነጮችን ብቻ ቢይዝ ኖሮ እንዲህ ጎልቶ ባልታየ። ለዚህ ነው ለጥናት ደም ስጡ ብለው በአግባቡ ሲጠይቋችሁ አትሽሹ የምለው። የእኛ ሰው እዚያ መዝገብ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው፣ ይቆጨኛል።

የደጋውን ነገር ግን እርሳው። ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው በ2002 ታትሟል። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለት ኦክስጅን የሚሸከመው የደማቸው ክፍል፣ ከቆላ ሰው ብዙም አይለይም። ደጋ ሲኖር ደሙ የሚወፍረው የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰው ነው።

የአንኮበሯ፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም። እናቴ ከስትሮክ ከተነሳች 6 ዓመት ሆናት። እጇ የተፈታው ማንኪያ እያስያዝን፣ ጥጥ እያስፈተልን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየንን በቀን ሦስቴ እየደጋገምን ነው። አባባንም እንዲሁ አድርጉ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ወራት አታባክኑ። ከሁሉ ያስቸገረን ግን ክኒኑ ነው። ደህና ስትሆን ትተወዋለች። ሁለቴ አቋርጣ ሁለተኛው ላይ ግፊቷ 190 ገባ። ጾም ሲሆን ደግሞ ጠዋት ምንም አልቀምስም ትላለች። ሐኪሙን ጠይቀን ወደ ማታ አዞርነው፣ የንስሐ አባቷም መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ራሳቸው ነገሯት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላጓደለችም። ጠበሏንም አልተወችም፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

የመሐል ሜዳው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አባቴ አሁን በከዘራ ይራመዳል፣ ቃሉ ግን ገና ነው። የላብራቶሪው፣ ማይግሬን ያለበት በቤታችን የለም፣ ሁሉንም ጠየቅሁ። ዛሬ እህቶቼንና ወንድሜን ሰብስቤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የኔ ግፊት 128 በ82 ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ 41 ዓመቱ፣ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም የሚለው፣ 172 በ106። አሳርፈው ደግመው ለኩት፣ ያው ነው። ሰኞ ተመለስ ብለውታል። እሱ ግን ምንም አላመመኝም ብሎ እምቢ እያለኝ ነው። ሲስተር፣ ምን ልበለው?

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦
አባባም ቢሆን አውድማ ላይ እስኪወድቁ አላመማቸውም ነበር፣ ይህንኑ ንገረው። የላይኛው ቁጥር በ10 ሲወርድ የስትሮክ አደጋ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ሰኞ አብረኸው ሂድ፣ ብቻውን አትላከው። ስኳሩን፣ ኩላሊቱንና ኮሌስትሮሉን ይዩለት፣ የልብ ምት የሚያሳየውን ኢሲጂም ያንሱት፤ ምቱ የተዛባ ልብ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይልካልና። ከዚያ በፊት ራሱን ከከበደው፣ ዓይኑ ከደበዘዘ ወይም ደረቱን ከያዘው ሰኞን አትጠብቅ።