የዕቅድ ውይይት፦ መጠይቁን ከማደላችን በፊት

አስተባባሪ (የ8ኛ ክፍል መምህርት) | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በማኅበራችን የተስማማነውን ላስታውስ። የልጆቻችንን ጭንቀትና ድብርት በትምህርት ቤት ደረጃ የምንለካበት አንድ የጋራ ዕቅድ አዘጋጅተን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እናስገባለን ብለናል። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። እስከ ዓርብ እዚሁ እያስተካከልን እንጨርሰው።

ቅዳሜ ላልነበራችሁ ምክንያቱን በአጭሩ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የኔ ክፍል 60 ልጅ አለው። ቁጥሩ የሐዋሳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ክፍል ገብቼ ፊታቸውን ሳይ የምጠራጠረው ሁለት ልጆችን ብቻ ነው። የሚረብሹትን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ዝም ብለው መጥተው ዝም ብለው የሚሄዱትን ግን አላውቃቸውም።

ሦስት መጠይቆችን አየሁ። አንደኛው ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 25 ጥያቄ ነው። በአማርኛም ተተርጉሟል። ጠባይን፣ መቅበጥበጥን፣ ከጓደኛ ጋር መግባባትን ሁሉ ስለሚዳስስ ድብርት ላይ ብዙም አይቆይም። ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ያላችሁ የምታውቁት ባለ 9 ጥያቄው ፒኤችኪው ነው። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል። አገራችን ውስጥ በአዋቂ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ግን የድብርት ነው፣ የጭንቀት አይደለም። ሦስተኛው አርካድስ ይባላል። ብሩስ ቾርፒታና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። 47 ጥያቄ አለው። ከቤተሰብ መለየትን መፍራት፣ ሰው ፊት መፍራት፣ ድንገተኛ ድንጋጤ፣ መቆሚያ የሌለው ሥጋት፣ እምቢ ብሎ የሚመላለስ ሐሳብ፣ ከዚያ ድብርት፤ ስድስቱን ለየብቻ ያያል። ለልጁ አንድ፣ ለወላጅ አንድ ቅጽ አለው። ባለ 25 ጥያቄ አጭር ቅጽም አለው። በነጻ ነው። እኔ ያጋደልኩት ወደዚህ ነው።

ረቂቁ አሁን ባለበት እንዲህ ይላል፦ «በሦስት ትምህርት ቤቶች ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ 600 ተማሪዎች መጠይቁን እናድላለን።» አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ) | ሰኞ ማታ

መምህርት፣ ሥራሽ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። 600 ወረቀት ሰበሰብን እንበል። አንዷ ልጅ «መኖር አልፈልግም» የሚል ነገር ጽፋለች። ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ካርቶን ላይ ስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ያነበዋል? አንብቦስ ወዴት ይልካታል?

እኛ ጤና ጣቢያ ለአእምሮ ሕመም የሠለጠንን ሁለት ነን። አንዳችን ብዙ ጊዜ በሌላ ሥራ ተጠምደናል። የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ግን ልጅን እዚያ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ጠይቀን ሳንቀበል መቅረት ካለመጠየቅ ይብሳል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ደፍራ ተናግራ ማንም ካልመጣላት ሁለተኛ አትናገርም።

ወላጅ (የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት) | ማክሰኞ ጠዋት

ሲስተር ያለችው ልክ ነው። እኔ ግን አለመጠየቅ ያመጣብንን ልንገራችሁ።

ልጄ አምና ከመስከረም እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ነበር። እሑድ ደህና ናት። ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ስትለብስ ሆዷን ይዛ ቁጭ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ የትል መድኃኒት ሰጧት። ሌላ ወሰድኳት፣ ጨጓራ ነው አሉኝ። ወተት አስቀረሁ፣ በርበሬ አስቀረሁ። ጸበልም ሄድን። አንድም ሰው «የኔ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ምን ያስፈራሻል?» ብሎ አልጠየቃትም። እኔ እናቷም አልጠየቅኳትም። ኋላ ላይ አክስቷ ጸጉሯን እየሠራችላት ነው የሰማችው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ወጥታ እንድታነብ ስትጠራ ትንፋሿ ይቆረጥ ነበር። ልጆች ይስቁባት ነበር።

ስለዚህ መጠይቁ ይምጣ። ደግሞ የወላጁ ቅጽ ብቻውን አይበቃም። እኔ ያኔ ብሞላው ኖሮ «ልጄ ደህና ናት፣ ሆዷን ብቻ ያማታል» ብዬ ነበር የምሞላው።

የሒሳብ መምህር | ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ በቁጥር ልምጣ። መጠይቅ ወንፊት ነው፣ ምርመራ አይደለም። ይሄን ረቂቁ ላይ በትልቁ እንጻፈው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ስሌት ልሥራ። ከ600 ልጆች 60ው እውነት ችግር አለባቸው እንበል። መጠይቁ ካለባቸው ከ100 80ውን ይይዛል፣ ከሌለባቸውም ከ100 80ውን በትክክል ያሳልፋል እንበል። ከ60ው 48ቱን ይይዛል፣ 12ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 540 ደግሞ 108ቱን ያለ ጉዳያቸው ይይዛቸዋል። በድምሩ 156 ልጅ ተጠራ ማለት ነው። ከ156ቱ እውነት ችግር ያለባቸው 48 ናቸው። ሲስተር በቀን አራት ልጅ ብታነጋግር 39 የሥራ ቀን ይፈጅባታል። ወረፋው ላይ 39ኛው ቀን የሚደርሳት ልጅ ያቺ ሲስተር ያለቻት ልትሆን ትችላለች።

በ60 ልጅ ብንጀምር ግን 16 ገደማ ይጠራሉ። በአራት ቀን ያልቃል። ስለዚህ 600 የሚለው ይውጣ። አንድ ክፍል ይበቃል።

ሌላም አለ። የአርካድስ ነጥብ ተቀይሮ የሚነበብበት ሰንጠረዥ አለው። 50 መሐል ነው፣ 65 ሲደርስ ያጠራጥራል፣ 70ና ከዚያ በላይ ሲሆን ያሳስባል። ያ መስመር የተሰመረው ግን በአሜሪካ ተማሪዎች መልስ ነው። የሐዋሳ ልጅ 66 አመጣ ብለን «ታመመ» ልንል አንችልም። የራሳችን መስመር እስኪኖረን ነጥቡን ማን ቀድሞ ይነጋገር ለሚለው ብቻ እንጠቀምበት።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር (ጡረታ) | ማክሰኞ ማታ

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ የምጨምረው የወላጅን ነገር ነው። ውጤቱ በፖስታ ታሽጎ ለየወላጁ ይላክ። አባት የልጁን ሁኔታ ማወቅ መብቱ ነው።

ሲስተር | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ቁጥር በፖስታ አይላክ። «ድብርት 68» የሚል ወረቀት ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቁታል። ጎረቤት ያየዋል፣ «ልጃቸው አእምሮዋ ልክ አይደለም» ይባላል፣ ያ ስም እስክታገባ ይከተላታል። ወላጅን በአካል እንጥራ። ቁጭ አድርገን «ልጅዎ ሰሞኑን ከባድ ነገር ላይ ናት፣ አብረን እንያት» እንበል። ከመጠይቁም በፊት የወላጅ ፈቃድ በፊርማ፣ የልጁም ፈቃድ በአፉ ይሁን። እምቢ ያለ ልጅ አይገደድ፣ ለምን እምቢ አልክም አይባል።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር | ማክሰኞ ማታ

ሲስተር፣ ተቀብያለሁ። በአካል ይሁን። ለማሳመን የሚያስቸግሩ ወላጆች ካሉ እኔ ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ።

አስተባባሪ | ረቡዕ ማታ

ዛሬ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከትምህርት በኋላ አራት ልጆች ከግቢው ዛፍ ሥር አስቀመጥኩ። ስለ ራሳቸው እንዲመልሱ አልጠየቅኳቸውም። የተረጎምኳቸውን ዓረፍተ ነገሮች እያነበብኩ «ይሄ ምን ማለት ይመስላችኋል?» ብቻ አልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ብዙ ነገር አፈረሱብኝ።

«ይደብረኛል» ብዬ የጻፍኩትን አንዱ ልጅ ወዲያው «ሁልጊዜ» አለ። ምን ማለት ነው ስለው «ሳይንስ» አለኝ። ለነሱ ደበረኝ ማለት ሰለቸኝ ማለት ነው። እኔ ከመዝገበ ቃላት ድብርትን ይዤ መጣሁ፣ እነሱ ከሰፈር ሌላ ደብሮኝ ይዘው ጠበቁኝ። በዚያ ቃል ብንሄድ ኖሮ ከክፍሉ ግማሹ ድብርት አለበት ብለን ነበር። ታዲያ እናንተ ምን ትላላችሁ አልኳቸው። «ሁሉ ነገር ያስጠላኛል።» «ይቀፈኛል።» «ሙድ የለኝም።» አንዷ ቆየት ብላ «ሆድ ይብሰኛል» አለች። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ነው ያለችው። ሌሎቹ ዝም አሉ። እኔም የማደርገው ጠፋኝ፣ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ስንበታተን እስከ በሩ አብሬያት ሄድኩ። ነገ ሻይ ሰዓት እንገናኛለን ተባብለናል።

ብቻዬን መተኛት እፈራለሁ የሚለውንም አንብቤላቸው ነበር። ሦስቱ ብቻቸውን ተኝተው አያውቁም። ከወንድም፣ ከእህት፣ ከአያት ጋር ነው። ምን ይመልሱ? ስለ ሞት አስባለሁ የሚለውም እንዲሁ። አንዱ ባለፈው ሳምንት የአያቱ ለቅሶ ላይ ነበር። «አዎ አስባለሁ» አለ። ያ ሐዘን ነው፣ ሕመም አይደለም።

«አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ» የሚሉትም ተምታቱባቸው። በመጨረሻ አራት ሲኒ ሣልኩላቸው። ባዶ፣ ትንሽ ያለበት፣ ከግማሽ ያለፈ፣ አፉ ድረስ የሞላ። ያኔ ሳይጠይቁኝ ጣታቸውን ሲኒው ላይ ማድረግ ጀመሩ።

የሒሳብ መምህር | ረቡዕ ማታ

ሲኒው ግሩም ነው። ቃላቱን ግን እያንዳንዳችን በየፊናችን አንቀይር። ቃል በቀየርን ቁጥር መጠይቁ ሌላ መጠይቅ ይሆናል። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉም፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው። የማይገጥመውን ለይተን ከልጆቹ ጋር እንወስን። ከዚያ በኋላ አይነካ። ጊዜውም ይታሰብበት። ለፈተና ሰሞን አንስጥ፣ ያን ጊዜ የማይጨነቅ ልጅ የለም። ዐቢይ ጾም ላይም ቢሆን የምግብ ፍላጎትን የሚጠይቀው ይዛባል። የሚጾመውና የማይጾመው አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት።

የሲዳሙ አፎ መምህር | ሐሙስ ጠዋት

ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነበር። በአማርኛ ብቻ ከሆነ እኔ አልፈርምም፣ በቅንነት ነው የምናገረው። እኔ ጋ የሚማሩ ልጆች አማርኛ ይናገራሉ፣ ገበያ ይገዙበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። ሲያለቅሱ ግን በሲዳሙ አፎ ነው የሚያለቅሱት። ትርጉሙን እኔ እይዘዋለሁ። መልሶ የሚተረጉምም ሰው አለኝ። ግን ከአማርኛው ላይ አልተረጉምም፣ ከመነሻው እንጂ። አንቺ ከዛፉ ሥር ያደረግሽውን እኔም ከኔ ልጆች ጋር ላድርገው። ሁለት ሳምንት ስጡኝ።

ወላጅ | ሐሙስ ጠዋት

ሁለት ሳምንት ምንም አይደለም። እስካሁን ስንት ዓመት ቆይተናል።

የሞቱን ጥያቄ ግን ምን እናድርገው? አንዳንድ ወላጆች «እሱን ጠይቃችሁ ሐሳቡን ልታስገቡባቸው ነው» እያሉኝ ነው።

ሲስተር | ሐሙስ ከሰዓት

መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ይሄ ተደጋግሞ የተጠና ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይሄንኑ ያስተምራል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሰው ቀለል ይለዋል። ጥያቄው ይቆይ። ግን በሁለት ነገር። አንደኛ፣ መጠይቁ በሚሰጥበት ቀን እኔ ወይም ባልደረባዬ ግቢው ውስጥ እንሆናለን። ልጆቹ ከግቢው ሳይወጡ 60ውም ወረቀት ይታያል። ሁለተኛ፣ እዚያ ጥያቄ ላይ ከባዶ ሲኒ ሌላ ያመለከተ ልጅ፣ ድምሩ ምንም ይሁን ምን፣ የዚያኑ ቀን ለብቻው እናነጋግረዋለን። ለቅሶ ከሆነ ለቅሶ መሆኑን እንሰማለን። ሌላ ከሆነ ወላጅ ይጠራል፣ እኔ ራሴ ባጃጅ ይዤ ሪፈራል አደርሳለሁ። ለትራንስፖርቱ በጀት ውስጥ መስመር ይኑረው፣ ትንሽም ቢሆን።

ደግሞ ማንንም ከክፍል በስም አንጥራ። የሚነጋገሩት ብቻ ቢወጡ እረፍት ላይ ስማቸው ይነሣል። 60ውንም ተራ በተራ አምስት አምስት ደቂቃ እናስወጣ። የሚያስፈልገው ይቆያል፣ የማያስፈልገው ቁመትና ክብደቱ ተለክቶ ይመለሳል።

አስተባባሪ | ዓርብ ማታ

ያለቀው ረቂቅ ይኸው። ማሻሻያ ያለው እስከ ነገ ጠዋት ይጻፍልኝ።

«ማኅበራችን በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ የ8ኛ ክፍል፣ 60 ተማሪዎችን በአርካድስ አጭር ቅጽ፣ ስለ ሞት የሚጠይቀውንም ጥያቄ ሳያወጣ፣ ለማየት ፈቃድ ይጠይቃል። ቅጹ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ይዘጋጃል። ሁለቱም መልሰው ይተረጎማሉ፣ ከልጆች ጋርም ቃል በቃል ይነበባሉ። ውጤቱ ከማን ጋር ቀድመን እንነጋገር የሚለውን ለመወሰን ብቻ ያገለግላል፣ ለማንም ልጅ የሕመም ስም አይሰጥም። የወላጅ ፊርማና የልጁ ፈቃድ ይቀድማል። የጤና ባለሙያ ግቢ ውስጥ በሌለበት ቀን መጠይቁ አይታደልም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጽሕፈት ቤቱ አውጡት ቢለን አናወጣውም። በዚህ ሁላችንም እንስማማ።

ጋሼ፣ የፈቃድ ደብዳቤውን እርስዎ ቢጽፉልን። እናቶች በሚገባቸው አማርኛ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ። ሲስተር፣ ትርጉሙ ከሚያልቅባቸው ሁለት ሳምንታት በኋላ ያለውን ተረኝነትሽን አይተሽ መጠይቁ የሚታደልበትን ቀን ንገሪኝ።

«ሆድ ይብሰኛል» ያለችኝን ልጅ ሻይ ሰዓት አገኘኋት። ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ገና ብዙ አላወራችኝም። ሰኞም እንገናኛለን ብላለች።

ሲስተር | ዓርብ ማታ

ሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ እኔም በዚያ በኩል አልፋለሁ። አስተዋውቂኝ።