ለጉበት ስብ ስፒሩሊና እናስሞክራት ወይስ ይቅር?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። እናቴ አልትራሳውንድ ተነስታ ጉበቷ ላይ ስብ ተገኘ። መጠጥ በአፏ አይዞርም፤ ስኳር ግን አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ነው ያላት። ከክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ጉበትን በደንብ እንደሚረዳ እኔም አንብቤያለሁ።

አሁን አክስቴ ከውጭ የስፒሩሊና (ውሃ ውስጥ ከሚበቅል ጥቃቅን አልጌ የሚሠራ) እንክብል ላከችላት። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ብልቃጡ ላይ መመርመሩን የሚገልጽ ምንም ነገር የለም። የጨነቀኝ ይሄ ነው። ስፒሩሊና በንጽህና ካልተመረተ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ሊገኝበት ይችላል፤ መርዙ ደግሞ የሚያጠቃው ያንኑ ጉበትን ነው!

ሌላው፣ የእግር ጉዞውንና እንክብሉን አንድ ላይ ብትጀምር የትኛው እንደሠራ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ኤኤልቲ (በደም የሚለካ የጉበት ኢንዛይም) ተለክቶ፣ ጥቂት ወራት በእግር ጉዞው ብቻ ብትቆይ፣ ከዚያ እንክብሉ ቢጨመር ይሻላል? ኤኤልቲ ብቻውንስ ይበቃል ወይስ አልትራሳውንዱም ይደገም?

እሷ "ቅጠል ምን ያደርገኛል" ብላ ዛሬ ነገ እጀምራለሁ እያለች ነው። የጤና ባለሙያዎች፣ ወይም ቤተሰባችሁ የሞከረ ካለ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።